መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ለሚጀምር ሰው፦ ከየት ይነሣ?



በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ከብዙዎቻችሁ ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ ነው። «መምህር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ፈልጌ ነበር፤ ግን ከየት ልጀምር?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሲነበብ ሰማሁ እንጂ እኔ ገልጬ አንብቤው አላውቅም» የሚሉ እናቶች አሉ። ካርቱም ተወልደው በዐረብኛ የተማሩ፣ አማርኛን ግን በጆሮ ብቻ የሚያውቁ ልጆችም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ መልሱም ለሁሉም አንድ ነው ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ይህ ጽሑፍ ስብከት አይደለም። ኦርቶዶክሱን፣ ፕሮቴስታንቱን ወይም ካቶሊኩን ከቤቱ አውጥቶ ወደ ሌላ ቤት ለመውሰድ የተጻፈ አይደለም። ሙስሊም ወገኖቻችንም ቢያነቡት የማንበብ ዘዴው ለየትኛውም ትልቅ መጽሐፍ ይጠቅማል። እኔ የፊደል አስተማሪ ነኝ፤ የማወራውም ስለ ንባብ ነው።

ጉዳዩ ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በስደት ላይ ሰው ተስፋ ሲርበው «እንዲህ ተብሎ ተጽፏል» የሚል ድምፅ ሁሉ ልቡን ይነካዋል። «ፕሮሰስሽ በዚህ ወር ያልቃል፣ ቃሉ እንዲህ ይላል» ብሎ አንድ ጥቅስ መዝዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው እንደማይጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ጥቅሱን ራሷ ገልጣ ከላይና ከታች ያለውን ማንበብ የምትችል እናት ግን በቀላሉ አትታለልም። ማንበብ መቻል ለነፍስ ስንቅ ነው የሚሉ አሉ፤ ለኪስም መጠበቂያ ነው።

የመጀመሪያው ጠያቂ የዓባይ ዳር ሰው ነው

ስለ ጀማሪ አንባቢ የሚናገር ታሪክ በራሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ተመልከቱ። የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ያዥ የነበረው ጃንደረባ ለመስገድ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ፣ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነባል። ፊልጶስ ቀረብ ብሎ «የምታነበው ይገባሃል ወይ?» የሚል ጥያቄ ያነሣበታል። ሰውየው ባለ ሥልጣን ነው፤ የመንግሥት ግምጃ ቤት በእጁ ነው። ቢሆንም አላፈረም። አስረጂ ከሌለው እንደማይገባው ተናገረና ፊልጶስን አጠገቡ አስቀመጠው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህ ጃንደረባ የእኛው አገር ሰው ነው። የታሪክ ምሁራን ደግሞ «ህንደኬ» የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን የመርዌ ንግሥታት የሚጠሩበት ማዕረግ ነው ይላሉ። በዚያ ዘመን ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ነበር። መርዌ ደግሞ ከካርቱም ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሸንዲን አለፍ ብሎ በዓባይ ዳር ትገኛለች። ፒራሚዶቿ እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በትውፊቱም ሄድን በምሁራኑ፣ ታሪኩ ተጽፎ የቀረው ጀማሪ አንባቢ የእኛ ወገን ወይም ዛሬ የተጠለልንበት አገር ሰው ነው።

ከእርሱ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ድምፁን አውጥቶ ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ የሰማውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ቤቴ ልግባና ተረጋግቼ አነባለሁ አላለም፤ መንገድ ላይ ነው ያነበበው። ሦስተኛ፣ ያልገባውን ጠየቀ። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የእነዚህ የሦስቱ ማብራሪያ ነው።

ከመጀመሪያው ገጽ መነሣት ለምን ያደክማል?

ብዙ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን እንደ አንድ መጽሐፍ ይቆጥርና ከገጽ አንድ ይጀምራል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የመጻሕፍት ስብስብ ነው። በፕሮቴስታንቱ ቁጥር 66፣ በካቶሊኩ 73፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ 81 መጻሕፍት አሉት። አንዱ ታሪክ ነው፣ አንዱ ሕግ፣ አንዱ መዝሙር፣ አንዱ ደብዳቤ።

ከገጽ አንድ የሚነሣ ሰው ዘፍጥረትን በደስታ ይወጣዋል፤ 50 ምዕራፍ ቢሆንም ታሪክ ነው፣ ይስባል። ዘጸአትም እስከ ግማሹ ይሄዳል። ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ግን የድንኳኑ ልክ፣ የመጋረጃው ክንድ፣ የእንጨቱ ዓይነት ይመጣል። ከዚያ ዘሌዋውያን ይከተላል፤ የመሥዋዕትና የንጽሕና ሕግ። ጀማሪው እዚህ ላይ ይደክማል። መጽሐፉን ከድኖ «ለእኔ አልተጻፈም» ይላል። ከአዲስ ኪዳን ልጀምር የሚለውም ማቴዎስን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያገኘው ረጅም የትውልድ ሐረግ ነው። መጽሐፉ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ በሩ ተስቶ ነው።

አባቶች እንዴት ያስተምሩ ነበር?

የአገራችን የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ድሮ ያውቀው ነበር። የኔታ ሕፃኑን «ሀሁ» እና «አቡጊዳ» ካስለዩት በኋላ ዘፍጥረትን አይሰጡትም። በልማዱ የመጀመሪያዪቱን የዮሐንስ መልእክት ያስይዙታል፤ አምስት ምዕራፍ ብቻ ናት። «ፊደለ ሐዋርያ» የሚባለው ይህ ነው። ቅደም ተከተሉ እንደየአካባቢው ትንሽ ቢለያይም፣ ሕፃኑ ከዚያ ወደ ወንጌል ይሻገራል፣ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ ጨረሰ ይባላል። መጀመሪያ ፊደሉን እየቆጠረ፣ ቀጥሎ ቃሉን እየያዘ፣ በኋላ እንደ ውኃ እያወረደው ነው። ከአጭር ወደ ረጅም፣ ከቀላል ወደ ከባድ መሄድን እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ እንደ አዲስ ነገር ተማርነው እንጂ የኔታ ዘንድ የነበረ ነው።

በጥቂት በጥቂት መሄድ የት እንደሚያደርስ ደግሞ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ይህ መጽሐፍ መጀመሪያ የተተረጎመው አገር ቤት ሳይሆን በስደት ነው። አባ አብርሃም የተባሉ፣ በውጭ ሰዎች ዘንድ «አቡ ሩሚ» ተብለው የሚታወቁ የአገራችን ሊቅ ካይሮ ውስጥ ታመው ሳለ፣ አስሊን ደ ሼርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ባልደረባ ረዳቸው። ሁለቱ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ እየተገናኙ መላውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሱት። ሥራው አሥር ዓመት ፈጀ። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ነበር። በ1820 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ ወንጌሎቹ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። አባ አብርሃም ታትሞ ሳያዩት አረፉ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሰው አገር፣ በሕመም። እኛ ደግሞ በቀን ሩብ ሰዓት አጣን እንላለን!

ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙትም ታሪካቸው ከዚህ አይርቅም። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ወደ ትውልድ አገሩ ለመግባት በሱዳን በኩል ሞክሮ መንገዱ ሲዘጋበት በ1882 እ.ኤ.አ. ካርቱም ተመልሶ ነበር። በኋላ እርሱም እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ፣ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። የተጻፈውም በዚሁ በእኛ ፊደል ነበር። እነዚህ ሰዎች አገርና ቤት ሳይኖራቸው ነው ለሌላው መጽሐፍ ያወረሱት።

ታዲያ በየትኛው ክፍል እንጀምር?

እኔ የምመክረው አራት አጫጭር መጻሕፍትን ነው።

1. መጽሐፈ ሩት፦ 4 ምዕራፍ ብቻ ናት። ቤተልሔም ላይ ረሃብ ገብቶ አንድ ቤተሰብ ወደ ሞዓብ ይሰደዳል። አባትየውና ሁለቱ ልጆች በሰው አገር ይሞታሉ። እናት ኑኃሚን ባዶ እጇን ስትመለስ ሞዓባዊት ምራቷ ሩት አልለይሽም ብላ ትከተላታለች፣ እርሻ ውስጥ ገብታም ቃርሚያ ትቃርማለች። አገር ቤት ቃርሚያ ያየ፣ ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ ያጨደ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በኋላ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ላይ ስትደርሱ፣ ባለ እርሻው ቃርሚያውን ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው የሚያዝዘውን ሕግ ታገኛላችሁ። ያን ጊዜ ሩት እንዴት የሰው እርሻ ገብታ ለመቃረም እንደቻለች ይገባችኋል። ታሪኩ ቀድሞ ሲታወቅ ሕጉም አይከብድም።

2. የማርቆስ ወንጌል፦ ከአራቱ ወንጌሎች አጭሩ ነው፤ 16 ምዕራፍ። ትውልድ ሳይቆጥር በቀጥታ ወደ ታሪኩ ይገባል። ምዕራፍ 4 ላይ ያለውን የዘሪውን ምሳሌ ደግሞ እርሻ የሚያውቅ ሰው ከከተሜው ይልቅ ይረዳዋል።

3. ትንቢተ ዮናስ፦ 4 ምዕራፍ። ነቢይ ቢሆንም ከተላከበት የሸሸ ሰው ታሪክ ነው። የነቢያትን መጻሕፍት ለመልመድ ጥሩ መግቢያ ነው።

4. የያዕቆብ መልእክት፦ 5 ምዕራፍ። ስለ አንደበት፣ ስለ አድልዎ፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ የሚናገር ምክር ነው። ከታሪክ ወጥቶ ወደ መልእክት ለመግባት ይመቻል።

መዝሙረ ዳዊትን ከእነዚህ ጎን ለጎን፣ ማታ ከመተኛት በፊት አንድ አንድ ማንበብ ይቻላል። ሰው ሲከፋው የሚያነበው መጽሐፍ ነው፤ ልቅሶውም ምስጋናውም አለበት።

ገጹን መላመድ

ጀማሪን የሚያስቸግሩት ትልልቅ ሐሳቦች ብቻ አይደሉም፤ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። እንያቸው።

ምዕራፍና ቁጥር፦ «ማር. 4፥3» ማለት የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ቁጥር 3 ማለት ነው። ይህ ክፍፍል ጸሐፊዎቹ ያደረጉት አይደለም። ምዕራፎቹ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ የአዲስ ኪዳን ቁጥሮች ደግሞ በ1551 እ.ኤ.አ. የገቡ ናቸው፤ ቦታ ለማግኘት እንዲመች ብቻ። ስለዚህ ሐሳቡ ቁጥሩ ላይ ያልቃል ማለት አይደለም፤ አልፋችሁ አንብቡ።

የግእዝ ቁጥር፦ በቆዩ እትሞች ምዕራፉ በግእዝ አኃዝ ይጻፋል። ከ1 እስከ 10 ያሉት ፩ ፪ ፫ ፬ ፭ ፮ ፯ ፰ ፱ ፲ ናቸው። 20 ሲሆን ፳፣ 30 ሲሆን ፴፣ 40 ሲሆን ፵፣ 50 ሲሆን ፶፣ 100 ሲሆን ፻ ነው። ፲፮ ማለት 16 ነው። በአንድ ቀን ይጠናል።

ማጥበቅና ማላላት፦ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። በወንጌል ውስጥ ይህ ቃል በየመሥመሩ አለ። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ዓይን ያልለየውን ጆሮ ይለየዋል።

የቆዩ ቃላት፦ «ቀራጭ» ግብር ሰብሳቢ ነው። «ዲናር» የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ዋጋ ነው። «ኪዳን» በሁለት ወገን መካከል የቆመ ውል ነው። «መጻተኛ» ከሌላ አገር መጥቶ በሰው አገር የሚኖር ነው፤ ማለትም እኛው ነን። ይህ ቃል ስንት ቦታ እንደሚገኝ ስታነቡ ትገረማላችሁ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ ለጆሮ ግርማ አለው፤ ለአዲስ አንባቢ ከከበደው ግን «አዲሱ መደበኛ ትርጉም» የተባለው በዛሬ አነጋገር ስለሆነ ይቀልለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብም አንዱ አንዱን ይፈታል።

የመዝሙር ቁጥር፦ በቡድን ስታነቡ አንዱ «መዝሙር 22» ሲል ሌላው «የእኔ ላይ 23 ነው» ቢል አትጣሉ። የቁጥሩ አቆጣጠር በሁለት መንገድ ነው፤ ስለ እረኛው የሚናገረው መዝሙር በአንዱ 22፣ በሌላው 23 ነው። መዝሙሩ አንድ ነው።

አንድ መጽሐፍ ለስንት ቤተሰብ?

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ብዙዎቻችን የለበስነውን ይዘን ነው የወጣነው። መጽሐፍ ይዞ የወጣ ጥቂት ነው። ይህ ግን ንባብን አያስቀርም። ድሮም መጽሐፍ በየቤቱ አልነበረም፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ሦስት አራት ቤተሰብ ተሰባስቦ፣ ቡና ሲፈላ አንድ ምዕራፍ ማንበብ ይቻላል። አንባቢው በየቀኑ ይቀያየር። ማንበብ የማይችል ሰው «ትናንት የት ደረስን?» የሚለውን ይመልስ፤ እርሱም ሥራ ይኑረው።

ልጆች ደግሞ በየቀኑ አንድ ቁጥር ደብተራቸው ላይ ይገልብጡ። እጅ የጻፈውን ዓይን አይረሳውም። ዐረብኛ ማንበብ የለመደ ልጅ ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ ስለሚቀናው፣ መጀመሪያ ላይ ከግራ በኩል ጣቱን ከመሥመሩ ሥር እያስኬደ እንዲያነብ አድርጉት። አታዋርዱት፣ አታስቸኩሉት።

ስልክ ያለው ሰው ኔትወርክ ባገኘ ቀን የአማርኛውን መጽሐፍ አውርዶ ቢያስቀምጥ ያለ ኢንተርኔት ያነበዋል። በድምፅ የተቀዳም አለ፤ ዓይናቸው ለደከመ እናቶችና አባቶች ጥሩ ነው። ቻርጅ ሲያልቅ ንባቡ እንዳይቆም ግን የወረቀቱንም አትተዉ።

ካርቱም ደይም ሠፈር ማታ ማታ ፊደል ሳስተምር ሻይ እየሸጠች የምትኖር አንዲት እህት ነበረች። ደንበኛ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ቁጥር ታነባለች። አንድ ምዕራፍ አንድ ሳምንት ይፈጅባት ነበር። በአራት ወር ማርቆስን ጨረሰች። ከዚያ በኋላ «አልችልም» ስትል ሰምቻት አላውቅም።

መጠንቀቅ ያለብን

መጽሐፉን እንዳገኙ ገልጦ ጣት ባረፈበት ቦታ ዕድልን መፈለግ ንባብ አይደለም፤ ሎተሪ ነው። አንድ ጥቅስ ብቻ ቆርጦ መያዝም አደገኛ ነው። አንድ ክፍል ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚናገረው ማን ነው፣ ለማንስ ነው የሚናገረው? ከዚህ በፊትና በኋላ ምን ተጽፏል? ያልገባኝ ቃል የትኛው ነው?

ያልገባችሁ ቦታ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። አንድ ቃል ላይ ቆሞ መቅረት ጉዞውን ያስተጓጉላል። ምልክቶቹን ሰብስባችሁ ቄሱን፣ ፓስተሩን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪውን ወይም ከእናንተ በፊት ያነበበ ሰው ጠይቁ። በአገራችን የትርጓሜ ትምህርት ሊቃውንቱ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥተው «አንድም» እያሉ ሌላ ይጨምራሉ። ሊቁ እንዲህ ካደረገ ጀማሪ በአንድ ቀን ሁሉን ላውቅ ብሎ መጨነቅ የለበትም። የተለያየ መልስ ብትሰሙም ለጠብ አታድርጉት፤ ጎረቤት ይበልጣል።

የ30 ቀን ዕቅድ

በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ቀን፦ ሩት
ከ5ኛ እስከ 20ኛ ቀን፦ ማርቆስ
ከ21ኛ እስከ 24ኛ ቀን፦ ዮናስ
ከ25ኛ እስከ 29ኛ ቀን፦ ያዕቆብ
30ኛ ቀን፦ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8

የማርቆስ ምዕራፍ 14 ረጅም ነው፤ 72 ቁጥር አለው። ጧትና ማታ ብላችሁ ክፈሉት። ቀን ቢያመልጣችሁ «ተበላሸ» ብላችሁ አትተዉ፤ የራሽን ሰልፍም አለ፣ ውኃ መቅዳትም አለ፣ ሕመምም አለ። በማግስቱ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። 30 ቀኑ 60 ቢሆን የሚቆጣችሁ የለም። ከዚህ በኋላ ዘፍጥረትን ብትጀምሩ ሳትደክሙ ትዘልቁታላችሁ።

በ30ኛው ቀን የምታነቡት ያንን የሠረገላ ላይ አንባቢ ነው። በዚያ ቀን እርሱ የጠየቀውን ጥያቄ እናንተም ትጠይቁ ይሆናል። ምናልባትም ከእናንተ በኋላ የጀመረ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ይጠይቃችሁ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የምታውቁትን ያህል ንገሩት፣ የማታውቁትን አብራችሁ ጠይቁ።

መልካም ንባብ ይሁንላችሁ።